ሳይመለስ የቀረ ቁጥር

ባጃጁ የዓባይ ድልድይ አፋፍ ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ኋላ ተገትሯል። ሀኒያ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ እንደከፈተች ለአራተኛ ጊዜ ደወለች። የፋብሪካው መሐንዲስ ጋሽ ገድሉ አያነሱም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አዲሱ የእንፋሎት ቧንቧ በአራት ሰዓት ይከፈታል። ግፊቱን አስልታ "ይችላል" ብላ የፈረመችው እሷ ናት።

"ወንድሜ፣ በሌላ በኩል አይኬድም?"

"እህቴ፣ ዓባይን በየት ልዝለለው?" አለ ሾፌሩ።

ጉዱን ያየችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ዘንዘልማ ሰፈር ቤቷ ቁጭ ብላ ፋይሉን ስታገላብጥ። መብራት እንዲህ እየመጣ በሚሄድበት ከተማ የአራት ቀን ስሌት መጀመር ራሱ ድፍረት ነው። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ካቆመበት ታስነሣዋለች፤ ሲነሣ ደግሞ ቁጥሮቹ ያብዳሉ። እነሱን ለማረጋጋት ለእንፋሎቱ ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት ትጨምርለታለች፤ በስሌቱ ውስጥ እንደ ማር ይወፍርና አደብ ይገዛል። ከዚያ የዝልግልግነቱን ቁጥር ወደ ቦታው መመለስ ነው። በመጨረሻው ጊዜ ግን አልመለሰችውም። መብራቱ ሳይሄድ ልጨርስ ብላ ተጣደፈች።

ማር ደግሞ አይንደረደርም። የግፊቱ ማዕበል ለዝቦ ቧንቧው ጫፍ ላይ አሥራ አንድ ባር ብቻ ሆኖ ወጣ። ቧንቧው የሚችለው አሥራ አራት ነው። እውነተኛው ስንት ይሆን? አታውቅም። የእንፋሎቱን መክፈቻ ቫልቭ በእጁ የሚከፍተው የፋብሪካው ሠራተኛ አለበል ነው። ቧንቧውን ስትለካ ሜትሩን ይዞላት፣ መንታ እንደተወለደለት እየደጋገመ ሲያወራላት ነበር የዋለው። ፊቱ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ስልኩ ተነሣ።

"ሀኒያ! የት ደረስሽ? ሥራ አስኪያጁ እኮ መጥተዋል።"

"ጋሽ ገድሉ፣ እንዳይከፈት! ስሌቱን ተሳስቻለሁ።"

ከኋላቸው ጭብጨባ ይሰማል።

"ይፈነዳል ነው የምትይኝ?"

"ወላሂ አላውቅም። ላይፈነዳም ይችላል። አንድ ቁጥር መመለስ ረሳሁ፤ እንደገና ሳላሰላው ይችላል አልልም።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"አራት። መብራት ካልሄደ።"

"አራት ቀን!" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ፣ የቋሚ ቅጥርሽ ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። አለበል ቫልቩን በደንብ አላጠበቀውም፣ ያፈሳል ብዬ ላዘግየው። ያንቺ ስም አይነሣም።"

"እሺ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሦስት ዓመት በኮንትራት ተንከራታለች፤ ወረታ ያሉት እናቷ ልጄ ተቀጠረች ብለው ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል። አሁን የፈራችው ለራሷ ነበር።

"አለበል መጀመሪያ ከቫልቩ ይራቅ" አለች። "ስልኩን ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ ይስጡልኝ። እኔው ልንገራቸው።"