ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተመላሾች

ሳህሊቱ ሞገስ ስትናደድ አትጮህም፤ መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች። በአሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ከእሷ ጋር የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ታዲያ መነጽሯ እንደዚያ ሰሞን ጠርቶ አያውቅም።

ያስጨነቃት ከዴንማርክ በፖስታ የመጣ አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። የላከችላት ዶክተር ኢንገር ትባላለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ወባን ልታጠና መጥታ ሚኤሶ ላይ አራት ቀን የሰነበተች፣ የቆላው ፀሐይ ፊቷን ቲማቲም ያስመሰለው ደግ ሴት ናት። ደብዳቤዋ አጭር ነበር። ለሕክምና ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት በአውሮፓ አለ፤ ግን ለአንድ አገር ሰው ብቻ አይሰጥም። ከሁለት አገር የተውጣጡ ሰዎች በአንድ ማመልከቻ ላይ በጋራ ፈርመው መጠየቅ አለባቸው። «ከዚህ በኩል እኔ አለሁ፤ ከዚያ በኩል አንቺና የሚኤሶው ሰው ሁኑ» ትላለች።

ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ፣ ሐሳቡ ሳህሊቱን ደስ አሰኝቷታል። ያስቸገራት «የሚኤሶው ሰው» ነው።

የሚኤሶው ሰው መስዑድ አህመድ ነው። ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ክኒን የሚያድል፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ብቻውን ያቆመ ሰው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በማይክሮስኮፕ ደም አይቶ ወባን መለየት ያስተማረችው ሳህሊቱ ራሷ ናት። ተማሪ ብዙ አስተምራለች፤ እንደ እሱ ያለ ግን አልገጠማትም። ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ ስሙን፣ ቀኑን፣ በደሙ ያየውን፣ የሰጠውን ክሎሮኪን ይመዘግባል። ያ ሰው ወር ሳይሞላው ትኩሳቱ አገርሽቶበት ከመጣ ደግሞ በመጨረሻው ዓምድ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቃል ይጽፋል፦ ተመላሽ።

ቃሉን ያወጡለት በሽተኞቹ ናቸው። «ቡሳን ነቲ ደቢኤ» እያሉ ነው በሩን የሚያንኳኩት፤ ወባው ተመለሰብኝ ማለታቸው ነው። መስዑድ እንዳለ ወደ አማርኛ አዞረው። በመጀመሪያው ዓመት ተመላሽ የተባሉት ዘጠኝ ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። መድኃኒቱ እየከዳ ነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከመስዑድ መዝገብ በቀር የሚናገር አልነበረም። ዶክተር ኢንገር መዝገቡን ስታገላብጥ ምሳዋን ረስታ ነው የዋለችው።

አሁን ግን መስዑድ በጳጉሜ ማለቂያ ሃምሳ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ጡረታ ነው። ተተኪ አልተመደበም፣ ተተኪ ከሌለ ደግሞ ማይክሮስኮፑ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል ተብሏል። ገንዘቡ ከተገኘ ቆጠራው ሦስት ዓመት ይቀጥላል፣ እሱም በኮንትራት ይቀጠራል። ካልተገኘ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት ሣጥን ውስጥ ገብቶ የምስጥ ቀለብ ይሆናል። ሰውየው ግን ይህን ሁሉ እያወቀ አልፈርምም ብሏል።

«ስሜን ተይው አቦ» አላት፣ ልታግባባው በጭነት መኪና ሚኤሶ ድረስ የወረደች ዕለት።

«ለምን ጋሽ መስዑድ?»

«እይው ቅጹን። የትምህርት ደረጃ ይላል። እኔ ምን ልጽፍ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል? ፈረንጆቹ ያን አይተው ወረቀቱን ይጥሉታል። ያንቺን ጻፊ፣ የዶክተሯን ጻፊ። መዝገቡን ውሰጂ፤ መዝገብ ስንተኛ ክፍል ነህ ተብሎ አይጠየቅም።»

«ቆጠራው የማን ነው ታዲያ?»

«የቡሳው ነዋ» አለና ወደ በሽተኞቹ ዞረ።

ሳህሊቱ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ተመለሰች። በመንገዷ ሁሉ በልቧ ስትሰድበው ነበር፤ የምትወደውን ሰው ነው እንደዚያ የምትሰድበው።

ፊርማውን ለጊዜው ትታ ሌላውን ማሟላት ጀመረች። ቅጹ ከአካባቢው አስተዳደር የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ይላል። የጤና ጣቢያው ታይፒስት ሮማነወርቅ ጽሕፈት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ ሳህሊቱ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በቃሏ አስጻፈቻት። ርእሱ እንዲህ ይል ነበር፦ «በሚኤሶ የተመዘገቡ 312 ተመላሾችን ለሃያ ስምንት ቀን ለመከታተል የቀረበ የጋራ ማመልከቻ»። ማጠቃለያውን ለአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስገባችና ስትመላለስ ከረመች። ዛሬ ነገ ሲሏት ሰኔ አለቀ፤ ማመልከቻው ወደ አውሮፓ ለሚሄደው ፖስታ አርብ አዲስ አበባ ካልደረሰ የጊዜ ገደቡ ያልፋል፤ ደብዳቤው የወጣው ረቡዕ ጠዋት ነው።

ወረቀቱ ያምራል። ማኅተሙ ወይን ጠጅ፣ ክቡ ሳይጨማደድ ያረፈ። ሳህሊቱ ደረጃው ላይ ቆማ አነበበችው።

«ከስደት ለተመለሱት 312 ወገኖቻችን የሚደረገውን የሃያ ስምንት ቀን ክትትል ጽሕፈት ቤታችን ሙሉ በሙሉ የሚደግፍ መሆኑን እየገለጽን፣ ለክትትሉ ለሚቀርብ ለእያንዳንዱ ተመላሽ አሥራ አምስት ኪሎ ስንዴና አንድ ብርድ ልብስ እንዲሰጥ የወሰንን መሆኑን እናስታውቃለን።»

እንደገና አነበበችው። በዚያ ዘመን በሐረርጌ ተመላሽ ከተባለ ማንም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ተሰዶ አሁን በባቡር የሚመለሰውን ሕዝብ። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ከመስዑድ ቀይ ቀለም ጋር ስለኖረች ቃሉ ሌላ ባለቤት እንዳለው ጭራሽ ረስታዋለች።

ደብዳቤውን የፈረመው ጓድ ዋለልኝ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ቀላ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው።

«ትኩሳት ነው እንዴ የሚመለሰው?»

«ትኩሳት ነው።»

«እኔ ደግሞ ርእሱን አንብቤ አለቀስኩ እኮ» አለ በቀስታ። «ጓድ ሳህሊቱ፣ ማኅተም አንዴ ካረፈ አይነሳም። ሌላ ለመጻፍ ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ለአረም ዘመቻ ገጠር ወርዷል። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነይ።»

አሥራ አምስት ቀን የላትም። ጤና ጣቢያ ተመልሳ ሮማነወርቅ ጠረጴዛ ፊት ዘጭ አለች። ሮማነወርቅ ነገሩን ከሰማች በኋላ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ምን ያስጨንቅሻል እቴ? ፈረንጅ አማርኛ አያነብ። ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሺው አንቺ አይደለሽ? ‹ትኩሳት የተመለሰባቸው› ብለሽ መልሺዋ። ማኅተሙን አይተው ያልፉታል።»

እውነቷን ነው፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም። ሳህሊቱ ወረቀት አውጥታ ጀመረችው። ሁለት መስመር ጻፈችና ቆመች። ከዚያ ሁሉንም ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ ሐሙስ በጠዋት ሚኤሶ ወረደች። ለምን እንደምትሄድ እሷም በትክክል አታውቀውም።

መስዑድ ደብዳቤውን ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። ብርድ ልብሱ ጋ ሲደርስ ሳቁ ገነፈለ፤ እስኪያስለው ሳቀ።

«ወላሂ፣ ሚኤሶ ላይ ብርድ ልብስ!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን ላይቀር ነው፣ ቡሳ ሲያንቀጠቅጥህ ብርድ ልብስ ደግ ነው።»

ሮማነወርቅ ያለቻትን ስትነግረው ግን ሳቁን አቆመ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ጀምሬው ነበር» አለችው። መዋሸት አልቻለችም፣ በተለይ እሱን። «ጋሽ መስዑድ፣ ይህ ወረቀት ካልሄደ ማይክሮስኮፑን ይወስዱታል። እርስዎም እቤት ይቀመጣሉ። እኔ ያን ማየት አልፈልግም።»

መስዑድ መዝገቡን ስቦ አንድ ገጽ ገለጠላት፤ አንድ መስመር ላይ «ስላይዱ ተሰበረ፣ አላየሁም» ይላል። ሌላ ገጽ ገለጠ፤ «የስላይድ ማቅለሚያው አልቆ ነበር፣ አላየሁም»።

«ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም» አላት። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። አሁን በማለቂያው ልንዋሽ ነው? እንዲህ ሆነ፣ እንዲህ ተሳሳትን ብለሽ ጻፊ። ከተቆጡ ይቆጡ።»

እዚያው መርፌ በሚቀቀልበት ጠረጴዛ ላይ ጻፈችው። ደብዳቤውን እንዳለ ተረጎመች፣ ስንዴውንም ብርድ ልብሱንም ሳትቀንስ። በሥሩ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጨመረች፤ ቃሉ ከበሽተኞች አፍ እንዴት እንደመጣ፣ ጽሕፈት ቤቱ በቅን ልቡና እንዴት ሌላ እንደተረዳው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ስደተኞች ሳይሆኑ ክሎሮኪን ወስደው ወባ ያገረሸባቸው ሰዎች መሆናቸውን። ልትፈርም ብዕሯን ስታነሳ መስዑድ እጇን ያዘ።

«ቃሉ የኔ ነው። ያመጣሁት እኔ፣ ጥፋቱም የኔ። የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ፈረመ። ሳህሊቱ ጊዜ አላጠፋችም፤ አሥራ አንድ ገጹን ቅጽ ከፊቱ ደቀነችው።

«ጥፋቱ ላይ የፈረመ ሥራውም ላይ ይፈርማል።»

ቀና ብሎ አያት። እንዳጠመደችው ገብቶታል፤ ፈገግ አለ። የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል ስምንተኛ ክፍል ብሎ ጻፈ። «እንዳይጠፋቸው» አለ።

ፖስታውን ለማን እንስጥ አላሉም። በዚያ አገር ባቡር ይዘገያል፣ አውቶቡስ ይበላሻል፣ ቀጠሮ የሚያከብረው ጫት ብቻ ነው፤ ካደረ ጫት መሆኑ ይቀራል። ኢስማኢል የሚባል የጫት መኪና ሾፌር መንገድ ላይ አቁመው ሰጡት። ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ጥሩምባውን ሲያስጮህ የመጣ ሰው ነው፤ ፖስታውን ጉያው ውስጥ ከቶ በቦርደዴ አቅጣጫ ተፈተለከ። በበነጋው አርብ በጠዋት ፖስታው አዲስ አበባ ደርሷል።

ስንዴው በሐምሌ መጣ፤ የተሳሳተ ነገር እንዴት ቶሎ ይፈጸማል መሰላችሁ። መስዑድ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና ሾፌሩ አጠገብ ወጥቶ መኪናውን ወደ ባቡር ጣቢያው መራው። እዚያ ከጅቡቲ የተመለሱ ቤተሰቦች ሸራ ሥር ተጠልለው ነበር። ስንዴውም ብርድ ልብሱም ባለቤቶቹን አገኘ፤ ጓድ ዋለልኝም ይህን ሲሰማ ለኮሚቴው በኩራት ሪፖርት አደረገ።

ከዚያ ጳጉሜ መጣ። ክሊኒኩ ተቆለፈ። ማይክሮስኮፑ እስኪዛወር ድረስ ሳህሊቱ ላቦራቶሪ ጥግ ላይ በሣጥኑ ተቀመጠ። መስዑድ በየሳምንቱ ዳገቱን ወጥቶ ሊጠይቃት ይመጣል፣ ማይክሮስኮፑን ግን አያይም፤ እያየ እንዳላየ ይሆናል። «መልስ መጣ?» ብሎም ጠይቋት አያውቅም። የምትጠይቀው ሮማነወርቅ ናት፦ «ያቺ ላም አለኝ በሰማይ ምን ደረሰች?»

በኅዳር ማለቂያ ከዴንማርክ ፖስታ መጣ። ሳህሊቱ ከፍታ አነበበች። ዶክተር ኢንገር እንዲህ ብላ ነበር፦ «ፈቅደዋል። ኮሚቴው ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ አሉ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ቁጥር አላምንም ይሉ ነበር። ስለ ስንዴው የጻፋችሁትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ‹በማኅተም የተደገፈ ስህተት አግኝተው ያልተጠቀሙበት ሰዎች ከሆኑ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም አምናለሁ› አሉ። ስምንተኛ ክፍል የሚለውንም አይተውታል፤ ይህን መዝገብ ለመያዝ ስንት ክፍል ይፈጃል ብለው የጠየቁት ግን የኛን ፕሮፌሰሮች ነው።»

በጥር ወር በአንድ ማክሰኞ ሳህሊቱ ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታቅፋ ሚኤሶ ወረደች። መስዑድ ክሊኒኩን ጠርጎ፣ ነጭ ካፖርቱን አስተኩሶ፣ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ብዙም አልተነጋገሩም። እሱ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ጋ፣ የድሮው ቦታው ላይ አስቀመጠና መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። እሷ አዲሱን መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ መዝገቡ ተከፍቶ ነበር። መስዑድ ጀርባውን ሰጥቷት ስላይድ ይወለውላል። በመጀመሪያው ገጽ በመጀመሪያው መስመር ላይ በእሱ ጽሕፈት፣ ተራ ቁጥር አንድ፣ መስዑድ አህመድ፣ ዕድሜ ሃምሳ አምስት ይላል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ በቀይ ቀለም «ተመላሽ» ተጽፏል።

ሳህሊቱ መነጽሯን አወለቀች፤ የጠረገችው ግን መነጽሩን አልነበረም።