በአሮጌው ገመድ የሚመጣው ባሕር

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ይመጣል። በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ይዋልላል፤ የአልጋ ልብሱ ማዕበል ይመስላል፤ ታላቅየውም ከወንበሩ ሳይነሣ ጀልባ ላይ እንደተሳፈረ ሰው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። አጥማጆቹ መረብ ይጥላሉ፣ ይጠብቃሉ። እሱን ግን ዓሣ ማየት አንገሽግሾታል።

ጣቢያውን መቀየር አይችልም። ሪሲቨሩም ሪሞቱም ትልቁ ቤት፣ ታናሽ ወንድሙ እጅ ናቸው። አባታቸው በአንቴና ዘመን ከሳሎን እስከ ኋለኛው ክፍል የዘረጉት ጥቁር ገመድ አለ። ዲሽ ሲገባ እሱኑ ከሪሲቨሩ ጀርባ ሰኩትና ነገሩ አለቀ። ስለዚህ እዚህ የሚታየው ትልቁ ቤት የሚታየው ብቻ ነው።

ትርፍራፊ፣ ይላል ታላቅየው። ዕድሜ ልኩን የደረሰው ትርፍራፊ ነው። ታናሹ እንዲማር እሱ ከአምስተኛ ክፍል ወጣ። ቤቱ ሲከፈል መንገድ የሚያየው መስኮት ለታናሹ፣ የውሃ በርሜል የሚያየው ለእሱ ሆነ። በወንድሙ ልጅ ሠርግ ደግሞ ከሾፌሮቹ ጋር አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን አላናገረውም። ሾፌሮቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዛሬ የዲሽ ሠራተኛው መሰላል ተሸክሞ መጣ። የላከችው የወንድሙ ሚስት ናት፤ ለታላቅየው የራሱ ሪሲቨር፣ የራሱ ገመድ ሊገባለት ነው።

«ተገላገሉ ጋሼ» አለ ሠራተኛው፣ ነጩን አዲስ ገመድ ከጥቅሉ እየፈታ። «ከእንግዲህ የፈለጉትን ነው።»

«የተገላገሉትስ እነሱ ናቸው» አለ ታላቅየው። ቢሆንም አዲሱን ሪሞት ከመዳፉ አላወጣውም።

«የግድግዳው ቀዳዳ ሁለት ገመድ አያሳልፍም። አሮጌውን ልቁረጠው?»

«ቁረጠው።»

ሠራተኛው መቁረጫውን አወጣና ቴሌቪዥኑን አየት አደረገ። «ወንድምዎ ግን ቅር ብሏቸዋል። ‹ዓሣውን ወንድሜ ይወደዋል፣ እንዳትነኩበት› ሲሉ ነበር። ሚስታቸውማ ‹ድመት እንኳን የለን፣ ይሄ ሁሉ ዓሣ ለማን ነው› ይላሉ።»

«ማን ነው የሚወደው? እኔ?»

«አንዱ አጥማጅ ከጀልባው ሲገለበጥ ሲስቁ በመስኮት ሰምተውዎት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይሄንኑ ይከፍቱልዎታል።»

«አንድ ጊዜ ነው የሳቅኩት። እኔ እኮ እሱ የሚወደው መስሎኝ…»

«እሳቸውማ ያንቀላፋሉ።»

ታላቅየው ወደ ባሕሩ ዞረ። ብርሃኑ በጉልበቱ ላይ ይፈሳል። አንድ ጀልባ ላይ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ታዩት፤ አንዱ ለሌላው ሲል ዓሣ እየታገሠ።

«ጋሼ፣ ልቁረጥ?»

«ቆይ። ሂድና ዓሣው ሰልችቶታል በለው።»

«ቀይር ይሉዎታል ልበላቸው?»

«ሰልችቶታል ብቻ በለው። የተማረ ሰው ነው፣ ይገባዋል።»

ሠራተኛው ግቢውን ተሻግሮ ትልቁ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ባሕሩ ጠፋ። በረዶ የለበሰ ተራራ መጣና ቆመ፤ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ዜና መጣ፤ ዜናውም መልስ ጠበቀ። ከዚያ ረጅም ባቡር፣ ጭጋግ በተኛበት ሜዳ ላይ፣ ያለ ድምፅ ይሄድ ጀመር። ክፍሉም አብሮ ሄደ፤ ወንበሩ፣ አልጋው፣ በርሜሉ ሳይቀር። ታላቅየው ወደ ፊት አዘነበለ። ይኼኔ ባቡሩ ጠፋና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ማስታወቂያ መጣ።

ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ።

«መልሰው» አለ። «ባቡሩን።»

ከትልቁ ቤት እንቅልፍ የተጫነው የወንድሙ ድምፅ መጣ። «የቱን ባቡር?»

«ስንት ባቡር አለ? ያለፈውን ነዋ።»

«ዓሣው ይቅር?»

«ይቅር።»

ባቡሩ ተመለሰ። ሠራተኛው መቁረጫውን እንደያዘ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «ታዲያ ገመዱን ምን ላድርገው?»

«ተወው» አለ ታላቅየው፣ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ። «አሁን ጣቢያ አስቀይሬው ብቆርጥበት ያኮርፋል።»