የቀማሹ ቀኝ ምላስ

ዶክተር ኑኃሚን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። "ይኸው የአእምሮ ጥርስዎ። ተጋድሞ ነው የበቀለው። አንዱ ነርቭ ከሥሩ በታች፣ ሌላው ከጎኑ ያልፋል። ስናወጣው ከተነኩ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ሊደነዝዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ሳይመለስ የሚቀርም አለ፤ ጥቂት ነው እንጂ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ንግድ" አለ ገዛኸኝ። ሕመሙ ሦስት ቀን እህል አላስቀመሰውምና ፈጥኖ ፈረመ።

ንግዱስ የሌላ ሰው ነው። ገዛኸኝ ሁሩሙ ገበያ ላይ ለማር ነጋዴው ለሀይደር ማር የሚቀምስ ሰው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ "ይገልበጥ" ያለው ማር በርሜል ሲገባ፣ "ይመለስ" ያለው ሲመለስ ኖሯል።

እዚያው መቱ ከተማ ጥርሱ ተነቀለ። ማደንዘዣው በማግስቱ ከንፈሩን ለቀቀው። የምላሱ ቀኝ ጎን ግን አፉ ውስጥ የተረሳ የሌላ ሰው ሥጋ መሰለ። ነከሰው፤ አልተሰማውም። ጨው ነሰነሰበት፤ ምንም። በአምስተኛው ቀን የሁሩሙ ገበያ ቀን ደረሰ። ለማንም ሳይናገር በልቡ "ግራው ጎን ይበቃኛል" ብሎ ወጣ።

ዶሪ የሚባል ገበሬ የማር ቆርቆሮውን ከፈተለት። ገዛኸኝ ጣቱን ነከረና እንደ ልማዱ ማሩን ወደ ቀኝ አገላበጠው። ልማድ ክፉ ነው። ውፍረቱ ብቻ ተሰማው። ሰው ሁሉ አፉን እያየ ነበር።

"ይገልበጥ!" አለ።

ዶሪ ቆርቆሮውን አላነሣም። "ጋሼ ገዛኸኝ፣ እስቲ ይድገሙት።"

"ለምን?"

"ኢቢቻ እኮ ነው፤ መራራው የግራዋ ዛፍ ማር። ለመድኃኒት የሚፈልግ ካለ ብዬ ነው ያመጣሁት። አምና ራስዎ ምራቅዎን ተፍተው መልሰውብኛል።"

"ዛሬ ግራዋም ጣፈጠው!" ብሎ ሀይደር ሳቀ። "ሰውዬው ሊያገባ ነው መሰለኝ!"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ገዛኸኝ ወደ በርሜሉ አየ። በርሜሉ ውስጥ የስንቱ ቀፎ ማር ነበር፤ ያ መራራ ቢገባበት ሁሉም ተበላሽቶ ነበር።

"ሀይደር፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ጥርሴን ካወጡልኝ ወዲህ የምላሴ ቀኝ ጎን ምንም አይሰማውም።"

ሳቁ ቆመ። ሀይደር በርሜሉን ከደነ። "ይመለሳል?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ዛሬ ሻጩ ራሱ እየቀመሰ ስለ ጣዕሙ ይማል። አንተ ሂድና ሐኪምህን ጠይቅ።"

ገዛኸኝ ከገበያው ዳር ቆሞ ደወለ። "ዶክተር፣ ሥራዬን በደንብ አልነገርኩዎትም። ማር ቀማሽ ነኝ።"

ኑኃሚን ተቆጨች። "ምነው ያኔ ቢነግሩኝ! ነገ ይምጡና ልየው። ምላስዎ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስልዎታል?"

"የለም።"

"ጉንዳኑ ሲጀምርዎ አይደንግጡ፤ ነርቩ የመዳኑ ምልክት ነው።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከኋላው ዶሪ የራሱን ማር እየቀመሰ መራራ ነው ብሎ ሲምል ይሰማዋል። ገዛኸኝ ምላሱን ከጥርሱ ጋር አጣብቆ ጉንዳኑን ጠበቀ።