ሾፌሩ ምሳ ካልበላ የማይወረድበት ክልል

«ላይኛው ከተማ ድረስ ይሄዳሉ ወይስ እዚሁ ይቀራሉ?» አለች ቲኬት ቆራጯ።

«ሁለቱም አይደለም፤ እኔ መሃል ላይ ነኝ» አለ ጋሽ መርፌ።

«እንግዲያው ሐሳብዎን ቆርጠው ይመለሱ። የሚቀጥል!»

ጋሽ መርፌ ጎረቤቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ። እናቱ ያወጡለት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ ሰፈራችን ግን ቅጥነቱንም ሙያውንም አይቶ ይህንን ሰፋለት። ያን ቀን ያቀፈው ካርቶን ውስጥ የገዛ ልጁ የሰርግ ቀሚስ ነበር። ሰርጉ ደግሞ በዚያኑ ዕለት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሁለቱ ትልልቅ ከተሞች መሃል ባለችው ክልል ነው። የሰውን ልብስ በሁለት ቀን የሚያስረክብ ሰውዬ፣ የልጁ ሲሆን እጁ ተሳስሮ የቀሚሱን ወገብ ሦስት ጊዜ እየተረተረ ሲሰፋ ቀኑ ደረሰበት።

እኔ ላይኛው ከተማ ወዳለችው እህቴ ጋ እየሄድኩ ስለነበር፣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ጠበቃ ሆንኩለት።

«የኔ እመቤት፣ ወደ መሃለኛው ክልል የሚወስድ ምን አለ ማለቱ እኮ ነው።»

«ባቡር በዚያ ያልፋል፤ አይቆምም እንጂ።»

«ቀስ እንኳን አይልም?»

«ያፏጫል።»

«ሚኒባስስ?»

«ከዚህ የሚነሳው ድንበሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ከላይ የሚመጣውም እንደዚያው። መሃሉን በእግር ነው።»

«አውሮፕላን?» አለ ጋሽ መርፌ፣ ኪሱን እየዳበሰ።

«በላይዋ ይሄዳል።»

የቀረው ትልቁ አውቶቡስ ነው። እሱም ቲኬቱ ከከተማ ከተማ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ለማውረድ የቆመ ሾፌር ይቀጣል። ምሳ ለመብላት መቆም ግን መብቱ ነው፤ ምሳ ሰዓት የሚደርሰው ደግሞ እዚያችው ክልል ላይ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው አገሩ የሚገባው በሾፌር ምሳ ነው። የጋሽ መርፌ ሚስትም ባለፈው ሳምንት የወረደችው እንደዚሁ ነው።

ተሳፈርን። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የክልሉን ድንበር ስናልፍ ጋሽ መርፌ ካርቶኑን ታቅፎ ተነሳ። ሾፌሩ ግን በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ፣ በሌላው የምሳ ዕቃ ከፈተ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጋሽ መርፌ፣ እባብ ያየ ይመስል።

«የተቀቀለ ካሮት። ሐኪም አዞኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን የምበላው እየነዳሁ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

የጋሽ መርፌ ስልክ ጮኸ፤ ሙሽራዋ ናት። «አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ካሮት ላይ» አለና ዘጋው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላው።

ከሾፌሩ ኋላ ነበርኩና ጀመርኩ። «እዚህ አገር ያለው ምግብ ቤት እኮ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ሥጋውን ከሰል ላይ ሲጠብሰው ጮማው ጠብ ይልና ከሰሉ ቱፍ ይላል።»

ሾፌሩ ካሮቱን ጎረሰ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ነርስ ገባት መሰለኝ፣ «ዳቦውስ! ሲቆርሱት እንፋሎቱ መነጽር ያጨልማል» አለች። ከኋላ ደግሞ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ስለ ሽንኩርት አቆላል ንግግር ጀመሩ፤ ከዘይቱ ተነስተው ቃሪያው ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ ሙሉ ምራቁን እየዋጠ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ አንድ ሰው ላስርብ ብዬ ሃምሳውን አስራብኩ። የራሴ ሆድም ይጮህ ጀመር። የማይርበው ሾፌሩ ብቻ ነው።

«ይቁም!» አለ ሕዝቡ።

«ደንቡ የሚያውቀው የሾፌርን ምሳ ነው። የመንገደኛ ሆድ ደንብ ውስጥ የለም።»

«እሺ ልጨርስላችሁ» አሉ አስተማሪው፣ «ሽንኩርቱ ቀላ ሲል እንግዲህ ሥጋው ጨስ...»

ሾፌሩ በእጁ የቀረችውን ካሮት አየት አደረጋት። እንደገና አያት። «ሐኪሙስ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚበላ ማን አየው!» ብሎ ፍሬኑን ረገጠ።

እልል እያልን ወረድን። ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለሰርግ ምግብ ልናበስል ሄደናል። ነገ እንገናኝ።»

ሃምሳ ሰው ዞሮ ጋሽ መርፌን አየ። ነርሷ ካርቶኑ ላይ ዓይኗን ተከለች።

«የማን ሰርግ ይሆን?» አለ ሾፌሩ፣ ለስለስ ብሎ።

ጋሽ መርፌ ክር እንጂ ውሸት የሚገባለት ሰው አይደለም። «የልጄ» አለና መንገድ ጀመረ። እኛም ተከተልነው። ምን እናድርግ? የሾፌሩ ምሳ ገና አልተበላም፤ ሾፌሩ ሳይበላ ደግሞ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም።

ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ሙሽራዋ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የቤት ልብሷን እንደለበሰች የግቢው በር ላይ ቆማለች።

«ልጄ!» አለ ጋሽ መርፌ፣ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ። «ይኸው በሰዓቱ ደረስኩልሽ!»

በትከሻው ላይ አሻግራ ሾፌሩን፣ ነርሷን፣ አስተማሪውን፣ እኔን፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ እስከ መታጠፊያው የተሰለፈውን ሁሉ አየች።

«አባዬ» አለች፣ «እኔ አምጣ ያልኩህ ቀሚስ ብቻ ነው።»