ጠበል የጠጣ ባትሪ

የእህቴ ባል ሰብስቤ መካኒክ ነኝ ባይ ነው። እኔ ጸጋዬ ካርቱም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሜ የተማርኩትን ሙያ፣ እሱ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት ይላል።

ካላክላ ሰፈር በራቸው ላይ የገተራት ዳፋር ያረጀች የጭነት መኪና ናት። ሽቦዋን በሙሉ መንግሎ በቤት መብራት ገመድ ተካው፤ መጋጠሚያውን በቁስል ፕላስተር ጠቀለለው። ፍሬን ሲረግጥ የዝናብ መጥረጊያው ይወዛወዛል፣ በዚያ በጠራራ ፀሐይ! አንዴ ልርዳው ብል «ያንተ የድሮ አሠራር ነው፣ ከላስ፣ አልፎበታል» አለኝ፣ ያውም በሰው ፊት። እግሬ ላይ ወድቆ ካልለመነኝ አንዲት ብሎን እንዳላጠብቅለት ማልኩ።

የምታሳዝነኝ እህቴ በቀለች ናት። ዘጠኝ ዓመት ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የሰው ወለል ስትወለውል ኖራለች፤ ቤቷ የምታድረው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው። የሽንኩርት ነጋዴው ኢሳ፣ ዳፋሯ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት እርሻው ከደረሰች የዘንድሮውን ጭነት በሙሉ ለሰብስቤ እሰጣለሁ ብሏል። ያ ሥራ ከተገኘ በቀለች ቪላውን ትሰናበታለች። ለእመቤቲቱም «ዓርብ እስከ ቀትር ካልመጣሁ ሌላ ሰው ፈልጊ» ብላት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በደጃቸው ሳልፍ፣ ሰብስቤ የባትሪውን ክዳኖች ከፍቶ አሲዱን አሸዋ ላይ ይደፋል። ጠቁሯል፣ ቆሽሿል አለኝ። ከዚያ ቤት ገብቶ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ያመጣላቸውን የጠበል ጀሪካን ይዞ ወጣና ስድስቱንም ጉድጓድ ሞላቸው።

«ንጹሕም ነው፣ በረከትም አለው» አለኝ። ክዳኑን ገጥሞ አማተበበት።

ሳቄን የዋጥኩት በጭንቅ ነው። ጠበል ጋኔን ያስወጣ ይሆናል እንጂ፣ አሲዱ የተደፋ ባትሪ ውስጥ ገብቶ ሞተር አያስነሳም። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሱቅ ሳይዘጋ ሌላ ባትሪ ይገዛ ነበር። እኔ ግን «ጎበዝ!» ብዬው ሄድኩ። ጠዋት ሲያፍር በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

ዓርብ በማለዳ ደረስኩ። ሰብስቤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መሪውን ጨብጧል፣ በቀለች ጎኑ ተቀምጣለች። ቁልፉን አዞረ። ድምፅ የለም። ደግሞ አዞረ። «ያላ! ያላ!» ይላታል፣ አህያ የሚነዳ ይመስል። ጎረቤት ተጠራርቶ ገፋ፤ ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ገባ እንጂ ፈቅ አላለችም። ዓርብ ስለሆነ ባትሪ ሻጮቹ ሁሉ ዘግተዋል። የምሠራበት ጋራዥ ባትሪ ቢኖርም ቁልፉ ባለቤቱ ዘንድ ነው፣ እሱም ስልኩን አያነሳም።

ሦስት ሰዓት ላይ ኢሳ ደወለ። «ሰብስቤ፣ ሌላ ዳፋር ጭኖ ሄደ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ለከርሞ ኢንሻአላህ።»

የጠበቅኩት ሰዓት ደረሰ። «አሲዱን ደፍተህ ጠበል ያጠጣኸው ባትሪ ምን ያድርግልህ? ይዘምርልህ?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰብስቤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። በቀለች ግን ወደ እኔ ዞረች።

«ሲደፋው አይተሃል፣ ወንድም ጋሼ?»

«አይቻለሁ።»

«እንደማትነሳ ታውቅ ነበር?»

«እሱ እኮ በሰው ፊት...»

«እሱ አያውቅም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

ወርዳ ሻንጣዋን አነሳች። ከቀትር በፊት ካፉሪ መድረስ አለባት። እስከ አውቶቡሱ ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።