በሁለት እግር ገባሁ፣ በስድስት ወጣሁ

«ፈረሱስ? ቦራ የታለ?»

ደሴ ይህን የጠየቀው ገና ከኮርቻው ሳይወርድ ነው። ከእንጅባራ ድረስ ጋልቦ የመጣው ወንድሙን ሊያለቅስ ነው፤ አልቅሶማ አልቅሷል፤ ከገበያው ዳር ጀምሮ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ አስለቅሶ ነው የደረሰው። ዳሱ ደጃፍ ላይ ግን እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና መጀመሪያ ያየው የወንድሙን ልጅ ሳይሆን ከቤቱ ጎን ያለውን ባዶ ጋጣ ነበር።

ሸጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰሌን ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። አባቷ ገበየሁ፣ ዳንግላ ሁሉ የሚያውቀው ጋሪ ነጂ፣ ትናንት ነው የተቀበረው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ነፍሶች ናቸው፦ አባት፣ ልጅና ፈረስ። አሁን የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች።

«አላውቅም? ፈረስ መርፌ ነው የሚጠፋ?»

«ሊታመም ሰሞን ይዞት ወጣ። ሲመለስ ብቻውን ነበር፤ በግድግዳ እየተደገፈ። የት አደረስከው ብለው አልነግርሽም አለኝ።»

ደሴ ከፈረሱ ወረደ። ቁጡ ነው፤ ቁጣው ግን ከሐዘኑ ተቀላቅሎ ራሱም የቱ እንደሚበልጥበት አያውቅም። ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው ሜዳ ካልዞረ፣ ያ ለቅሶ በአገው ምድር ምኑ ለቅሶ ነው? ይኸው የአባታቸውን የብር ጌጥ ያለበት ኮርቻ ለቦራ ብሎ ጭኖ መጥቷል።

«ስሚ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ሲያደርገው ይባስ ያስፈራል። «ነገ እኩለ ቀን ላይ የአገሬው ፈረሰኛ ይደርሳል። ቦራ በዚያ ሜዳ ካልቆመ እኔ በሰው ፊት አልዋሽልሽም። አባቷ ሳይሞት ፈረሱን የሸጠች ልጅ ወንድሜ አልወለደም ብዬ ኮርቻዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ዳሱ ውስጥ ንፍሮ የያዙት እጆች ሁሉ አፍ ሳይደርሱ ቆሙ። ወዲያው ሹክሹክታው ተነሣ። ለጫግኒ ነጋዴ ሸጣው ነው አሉ፤ አንዷ እንዲያውም ነጋዴውን በዓይኗ ያየችው ይመስል የካፖርቱን ቀለም ተናገረች። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ እንባው ሲደርቅ ምላሱ ይረጥባል። አልቃሿ እህተማርያም ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነገ ሙሾዋን በለሆሳስ ትለማመዳለች፦

«ገበየሁ ጋሪ ነጂው፣ የዳንግላ አዋራ፣
ሰው ሁሉ መጣልህ፣ የት ቀረብህ ቦራ?»

ሸጋ ሙሾውን እየሰማች ነው። ቦራ የት እንዳለ በእርግጥ አታውቅም። አባቷ ግን ነግሯታል። የነገራት በእንቆቅልሽ ነበር፤ እሷ ናት አልሰማም ያለችው።

ልጅ ሳለች እሑድ እሑድ ጋሪው ሲያርፍ አባቷ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ «እንቆቅልሽ» ይላታል።

«ምን አውቅልህ!»

«እንግዳ ሠራው፣ እንግዳ ጥሎት ሸሸ፣ ባለቤት ፈራው።»

ጥቂት ታስብና ወደ ጣሊያኑ ምሽግ ትሮጣለች። እዚያ ዘበኛው ሽባባው ጺሙን እያሻሸ የሚቀጥለውን ይጠይቃታል፤ አባቷ ቀደም ብሎ ዞሮ ለየሰዉ እንቆቅልሹን አደራ ሰጥቷላ! ከምሽጉ ሽማግሌዎች ዳኝነት ወደሚቀመጡበት ሾላ፣ ከሾላው ወደ ደብሩ ደወል፣ ከደወሉ ወደ ዓብዱልሀሚድ ሱቅ። ማንም እጇን ይዞ አይመራትም። «ከተማን ሰው ሲያሳይሽ አታውቂውም፤ ጠፍተሽ ስታገኚው ነው የምታውቂው» ይል ነበር። በመጨረሻው ቦታ ራሱ ከነጋሪው ይጠብቃትና አሳፍሯት ወደ ቤት ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርሱ የቦራን አንገት መታ መታ አድርጎ «ደርሰናል» ይላል። ለእሷ የሚላት ይመስላት ነበር።

ከተሳናት ደግሞ «ሀገር ስጪኝ» ይላታል። ልጅ ሁሉ ሲያቅተው ጎንደርን ይሰጣል፣ ሸዋን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር በላሁ ጠጣሁ ብሎ ተኩራርቶ መልሱን ይናገራል። ሸጋ ግን ግትር ናት። ገበየሁ ስንት ዓመት ለምኗት አንዲት መንደር እንኳ አልሰጠችውም። እስከ ማታ ታኮርፋለች እንጂ ከነመልሱ ትመጣለች።

አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ አንድ ቀን በሰለለ ድምፅ ጠራት።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ፣ አባዬ።»

«በሁለት እግር ገባሁ፣ በስድስት እግር ወጣሁ። በሩ የት ነው?»

ሸጋ ቆጠረች። ሁለት ቃሬዛ ተሸካሚ፣ አራት እግር። የተሸከሙት ሰው፣ ሁለት እግር። ፊቷ ተለዋወጠ። ይህን በር ነው እንዴ የሚጠይቀኝ አለች በልቧ፤ ይህን የራሳችንን በር!

«ዝም በል፣ አባዬ! እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቀኝ!»

«አቃተሽ? እንግዲያው ሀገር ስጪኝ።»

«አልሰጥህም! ስትድን ትነግረኛለህ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። በማግስቱም ጠየቃት፤ ፊቷን አዞረች። እንቆቅልሹ ሳይፈታ አይሞትም ብላ ነገሩን በልቧ ቋጥራ ነበር። ሰው ሲጨንቀው ምን የማያምነው አለ! ለእሷ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ሀገር ስጪኝ እንጂ፣ ልጄ» የሚል ነው። ትናንት ሬሳው ሲወጣ በሩ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ብቻ ተሸክመው አወጡት፤ ሸጋም በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እግሮቹን ስትቆጥር ራሷን አገኘችው። ስድስት ነበሩ።

የሱቁ ባለቤት የዓብዱልሀሚድ ሚስት ከዲጃ ጎረቤታቸው ናት፤ አጥራቸው አንድ ነው። በነጋታው ማለዳ እዝን ብላ ዳቦ ይዛ መጣችና ሸጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዓይንሽ አብጧል። አልተኛሽም?»

«ፈረሱ፣ እትዬ ከዲጃ። ፈረሱን ካላገኘሁ ጋሼ ደሴ በሰው ፊት ያዋርደኛል። የእኔስ ይሁን፤ አባዬን ፈረስ እንደሌለው ሰው ሊያለቅሱለት ነው።»

«አባትሽ ጠይቆሽ የለ? ሀገር ስጪው።»

ሸጋ ቀና አለች። «በምን አወቁ?»

«አጥር ጆሮ አለው» አለችና ከዲጃ ዓይኗን ሰበረች።

«አልሰጠውም። ራሴ አገኘዋለሁ። በዱሮው መንገድ አንድ በአንድ እሄዳለሁ።»

«ሳልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከደጅ ልትወጪ? ጉድሽ ነው!» ከዲጃ እንዲህ ትበል እንጂ የራሷን ሻርፕ አውልቃ ራሷ ላይ ጣለችላት። «ነይ፣ ለሴቶቹ ፊቷን ላስታጥባት ብያለሁ። በጓሮ እንውጣ።»

መጀመሪያ ምሽጉ። ሽባባው አርጅቷል፤ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሲያያት ደነገጠ፤ ሐዘንተኛ መንገድ ላይ ምን ትሠራለች?

«አባዬ ለእርስዎ የተወው እንቆቅልሽ አለ?»

«ለእኔስ የተወው የለም፣ ልጄ። ፈረስም ወደዚህ አልመጣም። እግዜር ያጽናሽ።»

ሸጋ ዞረች። መንገዱ ላይ ቆም አለችና «ሾላው!» ብላ ጮኸች። «ሾላው ነው፣ እትዬ ከዲጃ! ብቻውን ገብቶ ከሁለት ዋስ ጋር ወጣ። ሦስት ሰው፣ ስድስት እግር!»

እውነት ነው፤ ያን ቀን እሷም ነበረች። ደሴ ወንድሙን ከሾላው ሥር ከሶት ነበር። የአገው ፈረስ ይጋለባል እንጂ እንደ በሬ ይጠመዳል ወይ? የዓብዱልሀሚድን የስኳር ጆንያ ይጎትታል ወይ? አዋረደን ሲል ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበየሁ ተነሥቶ «ፈረሱን ጠይቁት» አላቸው። «ወንድሜ በዓመት አንዴ ለበዓል ያስጋልበዋል፤ እኔ በየቀኑ አብሬው እውላለሁ። ማን እንደሚያከብረው እሱ ይንገራችሁ።» ሽማግሌዎቹ ሳቁና በዋስ ለቀቁት። ደሴ ግን ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። እስከ ትናንት ድረስ ማለት ነው።

ሾላው ሥር አንዲት ቅቤ ነጋዴ ብቻ ተቀምጣለች። ፈረስ የለም፣ ሰውም የለም። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ከእንጅባራ በኩል፣ ከሩቅ፣ የፈረሰኞች ሆታ የተሰማት መሰላት፤ ነፋስ ይሁን እውነት መለየት አቃታት።

«መጡ! እትዬ ከዲጃ፣ መጡ!»

«ገና ናቸው። በአላህ ይሁንብሽ፣ ሀገር ስጪውና ይብቃሽ!»

«ከሰጠሁትማ አለቀ!» አለች ሸጋ። «አይገባዎትም? ከሰጠሁት ጨዋታው አለቀ። ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።»

ከዲጃ ክንዷን ይዛ ወደ ደብሩ ወሰደቻት። እሷ የሸጋን ጫማ ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቀረች፤ ሸጋ ብቻዋን ገባች። ደወሉ ሥር የጠበቃት ሰው አልነበረም። ከደወሉ ወዲያ የአባቷ መቃብር አፈር አለ፤ ገና እርጥብ ነው፣ ዳሩ ላይ የቀባሪዎቹ ዱካ ይታያል። ሸጋ እዚያ ቆማ ሌላ በር አሰበች፤ የገበያውን በር፣ የሱቁን በር፣ የወፍጮውን በር። በአንዱም ስድስት እግር አይወጣም። ከዚያ አፈሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አቃተኝ፣ አባዬ» አለች። «አቅቶኛል። ዳንግላን ሰጥቼሃለሁ። ምሽጉን፣ ሾላውን፣ ደወሉን፣ ሁሉንም ውሰደው። በቃ፣ ያንተ ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። ከቀብሩ ጀምሮ ስትጮህ ነበር እንጂ እንዲህ አላለቀሰችም።

አጥሩ አጠገብ የቆመችው ከዲጃም በሻርፗ ፋንታ በእጇ ዓይኗን ጠራረገች። ሸጋ ስትወጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ሰጠሽው?»

«ዳንግላን ሰጠሁት።»

«አባትሽ ዳንግላ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ እንዲህ ብሏል በያት አለኝ፦ ግትር ልጅ፣ በሩ የእንግሊዙ ቆንስል ግቢ በር ነው።»

ሸጋ አፏን ከፍታ አየቻት። «ያውቁ ነበር?»

«ወላሂ፣ አፌን ይዞኝ ነው! በገዛ አፏ ሀገር ሳትሰጥ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል። ጨዋታው ሲያልቅ መልሱን የሚነግራት ሰው እንዲኖር ነው አለኝ። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ቤት መክደኛ ቆርቆሮ ልፈልግ ብሎ ወደዚያ ፍርስራሽ ግቢ ገባ። የገባው በሁለት እግሩ ነው። በረቱ ውስጥ እናቱ የሞተችበት ውርንጭላ አገኘ። ሲወጣ ስንት እግር ሆነ? ቁጠሪ።»

ሸጋ አልቆጠረችም። ሮጠች።

የግቢው ጠባቂ ምህረቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ምንም ሳይጠይቋት በሩን ከፈቱላት። በአሮጌው በረት ውስጥ ቦራ ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ነጩ ምልክት አለ። ሸጋ ቀርባ ፊቱን ስታይ ወደ ኋላ አለች። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል።

«ዓይኑ ካቻምና ክረምት ነው የጠፋው» አሉ ምህረቴ። «አባትሽ እስኪታመም ድረስ ለማንም አልተናገረም። ዕውር ፈረስ ያለው ጋሪ ማን ይሳፈራል? ግን ቦራ ዳንግላን በእግሩ ያውቃታል። እንቅፋት እንኳ መትቶት አያውቅ።»

ሸጋ ያን ሁሉ ጊዜ ጋሪው ላይ ስትቀመጥ አላወቀችም።

«ለቅሶው ላይ ያስጋልቡታል፤ አያይም፣ በሰው ፊት ይወድቃል ብሎ ፈራ» አለች ከዲጃ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ካገኘችው የምታደርገውን ታውቃለች፤ ብቻ አይጋለብብኝ አለ።»

«አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል» አሉ ምህረቴ። «ከመጣ ጀምሮ ራሱን አያወርድም። ሣሩ መሬት ላይ እያለ በእጄ ነው የማጎርሰው። ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።»

እኩለ ቀን ላይ ሜዳው በፈረሰኛ ተሞላ። ደሴ የብር ጌጡን ኮርቻ ታቅፎ ዳሱ ፊት ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል። እህተማርያም ከበሮ አስመትታ «የት ቀረብህ ቦራ» የምትለው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከመንገዱ ወዲያ ቃጭል ተሰማ። የገበየሁ ጋሪ ቃጭል ነው፤ ዳንግላ ሁሉ ያውቀዋል። ከበሮው ቆመ።

ሸጋ ቦራን በልጓሙ ይዛ በእርምጃ መጣች። ኮርቻ የለውም፤ አንገቱ ላይ ያለው የጋሪው ማነቂያና ቃጭሉ ብቻ ነው። ሴት ልጅ የሟችን ፈረስ ስትስብ ታይቶ አይታወቅም፤ ሆኖም የሚከለክላት አልተገኘም። ደሴ ኮርቻውን ይዞ ተንደርድሮ መጣ።

«ጫኑት! ይጋለብ!»

«አይጋለብም፣ ጋሼ። ዓይኑን ይዩለት።»

ደሴ አየ። እጁን በፈረሱ ዓይን ፊት አወዛወዘ፤ ቦራ ሽፋሽፍቱን አላርገበገበም። ደሴ ኮርቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ወደ ፈረሰኞቹ ዞሮ «ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። «ዛሬ የሚጋልብ የለም። በእግር ነው። ወንድሜን በእግራችን ነው የምናለቅሰው!»

ፈረሰኛው ሁሉ ወረደ። ቦራን ከፊት አድርገው፣ የየራሳቸውን ፈረስ እየሳቡ፣ ሜዳውን በእርምጃ ዞሩት። ሙሾው እንደገና ሲነሣ ደሴ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር።

ዙሩ ሲያልቅ ቦራ ማንም ሳይመራው ወደ ቤቱ አቀና። ገበየሁ ሁልጊዜ ከጋሪው ከሚወርድበት ቦታ፣ በሩ ፊት፣ ሲደርስ ቆመ። ደሴ ወደ ጋጣው ሊያስገባው ልጓሙን ሳበ፤ አልነቃነቅ አለ። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ፣ ጋሪው ወደሚኖርበት ወደ ባዶው ቦታ አዙሮ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል።

«ምን ሆነ?» አለ ደሴ። «ምን ይጠብቃል?»

ሸጋ ያኔ ገባት። ቀረበችና አንገቱን መታ መታ አደረገችው።

«ደርሰናል» አለችው። «ደርሰናል፣ ቦራ።»

ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ራሱን ወደ መሬት አወረደ።