የሚጣ ተራ

ፀጉር አስተካካዩ የሚጣ አባት ሰው ሳያማክር ካልሲ እንኳ አይገዛም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ሳያልቅ ጥያቄ ይወርድበታል። የቤቱን ቀለም የመረጠለት ጫማ ሰፊው ነው። ጥርሱን ያስነቀለውም ደላላው «አስነቅለው» ስላለው ነው፤ ያውም የተነቀለው ጤነኛው ጥርስ ነበር፣ እሱን እንኳ እንተወው።

ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆኗል።

«ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት የምትማራቸውን ትምህርቶች ልትመርጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትገባበትም በዚሁ ይወሰናል አሉ። ምን ትምረጥ ትላለህ?»

ልጅቷ እዚያው ናት እኮ! ቁመቷ አባቷን አልፎ እንኳ ሰፈሩ ዛሬም ሚጣ ነው የሚላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የወደቀ ፀጉር ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች፣ የራሷን ጉዳይ ከሰው አፍ ትሰማለች።

«ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነዋ! ሌላ ምን አለ?» አለ ባለመድኃኒት ቤቱ፣ አገጩ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። ጡረታ የወጡት ዳኛ ደግሞ፣ «ታሪክ ትያዝ፣ ሕግ ትገባለች። አፏ እንደሆነ አይታማም» አሉ። ሲሚንቶ ነጋዴው ሒሳብ አያያዝ ተምራ እሱ ጋ እንድትቀጠር ፈረደ። አባቷ ለሁሉም፣ «እውነትህን ነው! አንጀቴን አራስከው!» ይላል፤ ለዳኛው ብቻ በአንቱታ። አንድ ሰው ባንድ ራሱ ሐኪምም ዳኛም ሒሳብ ያዥም እንዴት እንደሚሆን የጠየቀ የለም። ሚጣንም የጠየቃት የለም።

ሚጣ የምትፈልገው ባሕር ነው። በዓይኗ አይታው አታውቅም። መስታወቱ አጠገብ የተሰቀለው ካላንደር ላይ ግን አለ፣ ሰማያዊ፣ ዳርቻ የሌለው። ካላንደሩ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ደንበኛው ሁሉ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ዓመት አይለወጥም እንዴ?» እያለ ይቀልዳል፤ አባቷ ይስቃል እንጂ አያወርደውም። ሚጣ ስንፍና ነው ብላ ታስባለች። እሷ ያንን ውሃ ስታይ መጥረጊያው እጇ ላይ ይቆማል። የጂኦግራፊ መምህሯ፣ ባሕርን የሚያጠና ሰው ፊዚክስና ጂኦግራፊን አብሮ መያዝ እንዳለበት፣ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲም ባሕሩ ጠረፍ ላይ መሆኑን ነግራታለች። ልቧ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እዚያው ቀርቷል። ያላዩት ነገር ይናፍቃል ወይ ቢሏት፣ እንዴታ! ትላለች።

ለመናገርማ ስንቴ ሞከረች። «አባዬ፣ እኔ እኮ…» ስትል፣ «ቆይ እስኪ፣ ሰው ይዣለሁ» ይላታል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ወሬ ይቀይራል።

ምርጫዋን ለትምህርት ቤቱ የምታሳውቀው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ ቤቱ ጭር አለ። ሚጣ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ ሄደችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ተራዬ ነው።»

አባቷ ሊስቅ ቃጣው፤ እጁ ግን ልማዱን አልተወም። ነጩን ጨርቅ አራገፈ፣ አንገቷ ላይ አሰረ፣ ማበጠሪያ አነሳ። ከዚያ ዝም አለ። ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ዝም ሲል አይታው አታውቅም።

«ጠይቀኝ እንጂ» አለችው በመስታወቱ ውስጥ እያየችው። «አገሩን ሁሉ ስታማክር እኔን ለምን ዘለልከኝ?»

«የምትይውን ስለማውቀው ነዋ።» በማበጠሪያው ወደ ካላንደሩ አመለከተ። «እሱን ያላወረድኩት ለማን መሰለሽ? ስታዪው ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ የማላይ መስሎሻል? ሰው ሁሉ ጋ የምለፈልፈው፣ አንዱ እንኳ እዚሁ የሚያስቀርሽ ነገር ቢነግረኝ ብዬ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እቤት የምሰማው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነው፣ የኔ ልጅ። ፈራሁ።»

ሚጣ እንባዋ መጣ። እጇ ጨርቁ ውስጥ ስለነበር አባቷ በደንበኛ ፎጣ ጠረገላት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ልጄ ትምህርት ልትመርጥ ነው። ምን ትምረጥ ይላሉ?»

«ፊዚክስና ጂኦግራፊ» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«እውነትዎን ነው» አለ። አንጀቴን አራሱት ግን አላለም።

ወዲያው የጭነት መኪና ሹፌሩ ገባ። ሚጣ ተነስታ መጥረጊያዋን ያዘች፤ አባቷ ለሹፌሩ ጨርቁን አሰረለት።

«አንተ መቼም መንገድ ታውቃለህ። ከዚህ ባሕሩ ድረስ ስንት ቀን ያስኬዳል?»

«ሁለት ቀን ሙሉ፣ ጋሼ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ምን ትምረጥ ማለቱ ቀርቷል። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ የሚጠይቀው ባሕሩ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ነው። ሁሉም ሁለት ቀን ይሉታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን የሚለው ሰው ይመጣል ብሎ መጠየቁን አልተወም።